የገና ማግስት በደምበጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫን የሚያውቃት ባብዛኛው በመስኮት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳውን በልቶ፣ አማኑኤልን አልፎ፣ ተምጫን ተሻግሮ ሸለብ ሲያደርገው ከተማዋ ትደርሳለች፤ ጂጋ ላይ ነቅቶ «ደምበጫን አለፍናት እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ለዓመታት ያለፍኳት እንደዚሁ ነው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ የገና ሰሞን ግን ወረድኩባት። ያወረደኝ የአክስቴ ልጅ ነው።

አባቱ የደምበጫ ገጠር ተወላጅ ናቸው። እሱ ገና በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። አማርኛው ደህና ነው፤ የሚጠፋበት ሲናደድ ብቻ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ተናዶ ነበር የመጣው። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በፈረንጆች አዲስ ዓመት መባቻ በአንድ ትልቅ ጨዋታ ተሸንፏል፤ ሰውዬው አውሮፕላን ውስጥም፣ ቦሌም፣ ጎሃ ጽዮን ቡና ስንጠጣም ከዚያ ሽንፈት አልወጣም።

ጨዋታው እነሱ እግር ኳስ የሚሉት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ታቅፎ የሚሮጥበት ነው። የኮሌጅ ቡድኖች የዓመቱን ውድድር በኅዳር አካባቢ ይጨርሱና ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመት ባሉት ቀናት ጥሩ ውጤት ያመጡት «ቦውል» ለሚባል ጨዋታ ይጠራሉ። ዛሬ ቁጥሩ አርባ ገደማ ደርሷል። የሁሉም ታላቅ በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ከተማ የሚደረገው ሮዝ ቦውል ነው። ቤተሰብ በዓሉን የሚያከብረው ያንን እያየ ነው፤ ዶሮ ወጥ የሌለበት የበዓል ቀን እኛ ዘንድ እንደማይታሰበው ሁሉ፣ ጨዋታ የሌለበት የአዲስ ዓመት ቀን እነሱ ዘንድ አይታሰብም።

«መሸነፋችሁ ነው እንዲህ ያደረገህ?» አልኩት የዓባይን በረሃ ቁልቁል ስንወርድ።

«መሸነፉስ ይሁን፤ ማግስቱ ነው እንጂ» አለ። «አሠልጣኙን ያባርሩታል። ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ። ኮከባችን ደግሞ ጭራሽ አልተጫወተም፤ ለባለሙያዎቹ ሊግ ስለሚመለመል እግሬን እንዳልሰበር ብሎ ተቀመጠ።»

ይህ የእሱ ቡድን ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ታዋቂ ተጫዋቾች የወደፊት ደመወዛቸውን ከጉዳት ለማዳን ከቦውል ጨዋታ ራሳቸውን ማግለል ለምደዋል። ያሸነፈው ቡድንም ከዕጣው አያመልጥም፤ አሠልጣኙ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በተሻለ ገንዘብ ይወስደዋል። ዋንጫው በመስታወት ሳጥን ይቀመጣል፤ ዋንጫውን ያመጣው ቡድን ግን ጥር ሳይጋመስ ይበተናል።

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው ሜዳ ታጭዶ አልቆ ነበር። ግራና ቀኙን የጤፍ ክምር ሞልቶታል፤ አልፎ አልፎ በአውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ታኅሣሥ መጨረሻ የጎጃም ገበሬ ማጭዱን ሰቅሎ መንሹን የሚያነሳበት ጊዜ ነው። የገና ጨዋታም ጊዜው ይኸው ነው። ሰብል ቆሞ በዱላ መራወጥ አይቻልም፤ እህሉ ሲነሳ፣ ረግረጉ ሲደርቅ፣ የግጦሹ ሣር ሲያጥር ሜዳው ለጎረምሶች ይለቀቃል።

ደምበጫ ደርሰን ከመናኸሪያው ስንወጣ የዋዜማው ገበያ ገና አልተበተነም። ወደ ፈረስ ቤት የሚወስደው መንገድ ዳር ዶሮ በእግሯ ዘቅዝቆ የያዘ፣ ቄጤማ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት ሰው ይተላለፋል። በአንዱ ቤት በራፍ ላይ የአውሮፓ ጨዋታዎች ሰዓት በጠመኔ ተጽፎ ተሰቅሏል። ባጃጅ ይዘን፣ ባጃጁ የሚችለው መንገድ ሲያልቅ በእግራችን ቀጥለን፣ የአባቱ ታላቅ ወንድም ቤት ደረስን። ሽማግሌው የወንድማቸውን ልጅ አገላብጠው ከሳሙት በኋላ ፊቱን አይተው «ምነው ልጄ፣ መንገድ አጎሳቆለህ?» አሉት።

«የለም፣ ጋሼ። ቡድናችን ተሸንፎ ነው።»

«የምን ቡድን?»

አስረዳቸው። ሽማግሌው በጥሞና ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ካሸነፏችሁ በኋላ ምን አበሏችሁ?»

የአክስቴ ልጅ ጥያቄው አልገባውም። እኔም ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ፣ ሌሊቱን በቅዳሴ አሳልፈን ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ሽማግሌው ከግድግዳ ላይ አንድ ዱላ አወረዱ። ወይራ ነው። ጫፉ ቆልመም ብሏል፤ በጭስና በቅቤ ብዛት ከመጥቆሩ የተነሣ ያብለጨልጫል። እጀታው በኩል እንጨቱ ተበልቶ የመዳፍ ቅርጽ ወጥቶለታል። ቆልማማው እንዲሁ የበቀለ ነው፤ በእሳት አሙቆ የሚያጎብጥም አለ፣ እሳቸው ግን በእሳት የጎበጠ ዱላ ተመልሶ ይቃናል ባይ ናቸው። «ዛፉ ላይ እያለ ነው የሚታጨው» አሉ። «ልጅ ሆነህ ዓይተህ ምልክት ታደርግበታለህ፤ ጎረምሳ ስትሆን ትቆርጠዋለህ።» ኳሷ እሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ጉጥ ተድበልብላ የተጠረበች፣ በቡጢ ልክ የሆነች ናት። በቆዳ የሚሠራም አለ። የእንጨቷ አጥንት ካገኘች አትምርም።

የግጦሹ ሜዳ በሁለት መንደሮች መካከል ነው። ከላይ ያለው መንደር ሰዎች «ላዮች»፣ ከታች ያሉት «ታቾች» ይባላሉ። የላዮች ወሰን አንድ ዋርካ ነው፤ የታቾች ደግሞ በሜዳው ግርጌ የምትወርድ ጅረት። እሩሯ ዋርካውን ካለፈች ለታቾች፣ ጅረቱ ውስጥ ከገባች ለላዮች ይቆጠራል። የጎን መስመር የለም። የተጫዋች ቁጥር ተቆርጦ አልተወሰነም፤ ከላይ አርባ ከወጣ ከታችም አርባ ይፈለጋል፤ ካልሞላ መንገደኛ ይጨመራል። የአክስቴ ልጅ በዚህ ሕግ ታቾችን ሆኖ ገባ፤ ዱላውም የሽማግሌው ሆነ።

ከገቡት ውስጥ የአርሰናል መለያ በጋቢ ያሸረጠ አለ። ኮንጎ ጫማውን አውልቆ ባዶ እግሩን የቆመ አለ። አንድ ዲያቆን ጥምጣሙን ለእናቱ ሰጥቶ ገባ። የመንደሩ ሀብታም ከእረኛው ጎን ቆሟል። ገና ከጥንት ጀምሮ ማዕረግ የሚታጠፍበት ቀን ነው፤ ባላባትና ጭሰኛ በአንድ ሜዳ የሚራወጡበት፣ ጌታ በአሽከሩ ዱላ ሎሚውን ቢመታም የማይቆጣበት። እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ጎጃምን የተጓዘው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የሐበሾችን ጨዋታዎች ብቻ የያዘ አንድ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1935 እስከማሳተም ያደረሰው ይህን የመሰለ ሀብት ነው።

ሽማግሌው እሩሯን መሀል ሜዳ አስቀመጡ። ሁለቱ የቡድን አባቶች ዱላቸውን አጋጭተው ለጉ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት አቧራ ነው። ከአቧራው ውስጥ የዱላ ግጭት፣ የሴቶች እልልታ፣ «ሚናህን ያዝ!» የሚል ጩኸት ይወጣል። ተጫዋች በራሱ ወገን ቆሞ ወደ ባላጋራው ወሰን መለጋት አለበት፤ ዞሮ በባላጋራው በኩል ከለጋ ቅልጥሙን ቢመታ ከሳሽ የለውም። ቅልጥሙን የተመታ አንድ ልጅ እያነከሰ ወጣ፤ አንዲት እናት ቁርጭምጭሚቱን በቅቤ አሽታ፣ በነጠላ ጥለት ጠቅልላ፣ ጀርባውን መትታ መልሳ አስገባችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኩል ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የሚቀጥለው የመጨረሻው ነው አሉ። ያን ጊዜ እሩሯ ከአቧራው ተስፈንጥራ ከታቾች ወገን የሆነ አንድ ቀጭን ጎረምሳ እግር ስር አረፈች። ልጁ በግርግሩ ሲሽከረከር ቆይቶ አቅጣጫው ጠፍቶበታል። ከፊቱ ሰው የሌለበት ሜዳ ሲያይ ዕድል ቀናኝ አለና ባለ በሌለ ኃይሉ ለጋ። ተከትሎ ሮጦ ደገመ። የአክስቴ ልጅ «በዚያ አይደለም! በዚያ አይደለም!» እያለ ከኋላው ሲሮጥ አየሁት፤ ጩኸቱ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነበር። ልጁ ሦስተኛውን ሲመታ እሩሯ ጅረቱ ውስጥ ጠለቀች። የራሱ ጅረት ነው። ላዮች አሸነፉ።

ሜዳው ለትንፋሽ ያህል ጸጥ አለና በሳቅ ፈረሰ።

የአክስቴ ልጅ ወደኔ ሲመጣ ፊቱ ተለውጧል። «ይኼን ልጅ ምን ያደርጉታል?» አለኝ። እኔም ማወቅ ፈልጌ ነበርና ተከተልናቸው።

ያሸነፈው ወገን ከሜዳው የሚነሣው በዘፈን ነው። ግጥሙ እዚያው ይገጠማል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የተሸናፊው ስንፍና፣ የዱላው ቅጥነት፣ የበሬው ክሳት፣ የጢሙ አበቃቀል ሳይቀር ይነሣል። ያ ልጅ ያን ማታ ያልተባለው ነገር የለም። ጅረቷ ሚስቱ ሆነች፤ እሩሯ ጥሎሽ ሆነች፤ ላዮች ሚዜ ሆኑ። ልጁ መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከታቾች መካከል አንድ አንደበተ ርቱዕ ተነሥቶ መልስ ሰጠ፤ ላዮች በገዛ ክንዳቸው ያገቡት ስንት ነው፣ ያለ እኛ ልጅ ጉልበት ሙሽሪትን ማን ያመጣላችሁ ነበር የሚል ዓይነት ነገር። ሳቁ ዞረ። ተሸናፊ የመመለስ መብት አለው፤ ብቻ መልሱ በግጥም መሆን አለበት።

በየቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ጠላ ይወጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል። ሽማግሌዎቹ አብረው የሚዞሩት ለጠላው ብቻ አይደለም። እናት አይነሣም። ድህነት አይነሣም። የሞተ አይነሣም። አንድ ሞቅ ያለው ጎረምሳ በልጁ አባት ድህነት ሊጀምር ሲል ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱ፤ ልጁም ግጥሙን መንገድ ላይ አጥፎ በሌላ ነገር ዘጋው። የመጨረሻው ማረፊያ ያሸነፈው የቡድን አባት ቤት ነው። ደግሶ የሚያበላው አሸናፊው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ተሸናፊዎቹን አንድ በአንድ ያስገባል፤ የመጀመሪያው ዋንጫ ጠላ ለአሳፋሪው ልጅ ተሰጠ።

የሽማግሌው ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ። ካሸነፏችሁ በኋላ ምን አበሏችሁ?

ጠዋት ከመንደሩ በላይ ባለው አውድማ ላይ ደቦ ነበር። ጤፉ የላዮች የቡድን አባት ነው። በሬዎቹን ጭዱ ላይ እያዞረ የሚነዳው ግን ያ ቀጭኑ የታቾች ልጅ ነበር። በአንድ ሌሊት ቅጽል ስም አትርፏል፤ በጅረቷ ስም ሲጠሩት አቤት ይላል። አንዱ «ዛሬስ በሬዎቹን ወዴት ልትነዳቸው ነው?» ሲለው «እነሱ እንዳንተ አይደሉም፤ መንገዱን ያውቁታል» ብሎ መለሰለት። የአክስቴ ልጅ መንሽ ተቀብሎ ጭድ ሲያነሣ መዳፉ ተላጠ፤ ዕረፍት ሲሆን ከሽማግሌው ጎን ተቀምጦ እየቆራረጠ አንድ ታሪክ አወጋቸው። ታሪኩ እውነተኛ ስለሆነ ላቃናው።

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1929 በሮዝ ቦውል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ጆርጂያ ቴክ ገጠሙ። የካሊፎርኒያው ሮይ ሪግልስ ከባላጋራ እጅ የወደቀ ኳስ አነሣ፤ በግርግሩ ዞረና ወደ ራሱ ወሰን ሮጠ፤ ስልሳ ሜትር ያህል። የገዛ ጓደኛው ቤኒ ሎም እየጮኸ ተከትሎ ወሰኑ አፋፍ ላይ ያዘው። ከዚያ ስሕተት በኋላ ጆርጂያ ቴክ ሁለት ነጥብ አገኘ፤ ጨዋታውም 8 ለ7 አለቀ። የሁለቱ ነጥብ ትርጉም ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሪግልስ በዕረፍት ሰዓት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥግ ላይ አለቀሰ። አሠልጣኙ የመጀመሪያውን ግማሽ የጀመሩት ሁሉ ሁለተኛውንም ይጀምራሉ ብሎ አዘዘ፤ ሪግልስም ተመልሶ ገባ፣ ጥሩም ተጫወተ።

«ከዚያስ?» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያማ በሚቀጥለው ዓመት ሪግልስን የቡድኑ አምበል አደረጉት፤ ቡድኑም ያን ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። ያሸነፈው ጆርጂያ ቴክ ግን በሚቀጥለው ዓመት ካደረጋቸው ጨዋታዎች የሚበዙትን ተሸነፈ። ሪግልስ እድሜ ልኩን «የተሳሳተው ሯጭ» ተባለ፤ ስሙን ለመደው፣ ራሱም ቀለደበት፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂም ማርሻል የተባለ ሌላ ተጫዋች እንደሱ ወደ ራሱ ወሰን ሲሮጥ ወደ ማኅበራችን እንኳን ደህና መጣህ የሚል መልእክት ላከለት።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚያስ ሰዎች ነበሩ» አሉ።

የዚያኑ ጨዋታ አጀማመር ግን የአክስቴ ልጅ አልነገራቸውም፤ እኔ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሮዝ ቦውል እ.ኤ.አ. በ1902 ነው የተደረገው። ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ0 ሲመራ የስታንፎርድ አምበል ጨዋታው ጊዜው ሳያልቅ እንዲቆም ለመነ፤ ቆመም። አዘጋጆቹም እግር ኳሱን እርግፍ አድርገው ተዉት፤ በምትኩ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ሽቅድምድም ሲያሳዩ ቆይተው ኳሱን የመለሱት እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። አሸናፊው እስከ ጥግ ሄደ፤ ተሸናፊውን የሚያነሣ ሥርዓት አልነበረም፤ ጨዋታው ራሱ ሞተ።

ከአውድማው ስንመለስ ሽማግሌው የእኛን አገር ጨዋታ አነሡ። በ1954 ዓ.ም. ጥምቀትን ያከበሩት ሥራ ፍለጋ ሄደው አዲስ አበባ ነው። ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፣ ጃንሜዳ የወጡት ታቦታት ከገቡ በኋላ፣ ከስታዲየሙ አጥር ውጭ ቆመው ጩኸቱን እንደሰሙ ነገሩን። መግቢያ አልነበራቸውም። ማን እንዳገባ ያወቁት ከውስጥ በሚሻገረው ድምፅ ነው።

የዚያን ቀን ታሪክ ብዙ ሰው ግማሹን ያውቃል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው፤ አራት አገር ብቻ ነው የተካፈለው። ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን ቱኒዝያን 4 ለ2 አሸነፈች፤ ግብፅ ደግሞ በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ስም በከተራ ዕለት ዩጋንዳን 2 ለ1። ለፍጻሜ የተገናኙት አዲስ ሰዎች አልነበሩም። በመጀመሪያው ዋንጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ፣ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ0 ቀጥታለች፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው፣ አድ-ዲባ ነው። በ1959ም ካይሮ ላይ ያው 4 ለ0 ተደግሟል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ግን ኢትዮጵያውያን ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ። ሁለተኛውን አቻ ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ መሪ አደረጋቸው፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክሎ ዘጋው። 4 ለ2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከቡድኑ ጀርባ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ፣ በግጥሙና በቀልዱ አገር የሚያውቀው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ ጨዋታና ግጥም በአንድ ቤት ያደሩበት ዘር ነው።

ብዙዎቻችን የማናነሣው ሌላው ግማሽ ማግስቱ ነው። ያሸነፈችው ኢትዮጵያ ከዚያ ቀን ወዲህ ፍጻሜ ደርሳ አታውቅም። በ1960 ዓ.ም. ራሷ አዘጋጅታ አራተኛ ወጣች። መንግሥቱ ወርቁ አሠልጣኝ ሆነው ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ካደረሱ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ተሳትፎ 31 ዓመት ተጠበቀ። አስመራ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ2022 ሞተ። ይድነቃቸው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምረው እስኪሞቱ፣ እስከ 1987፣ መሩ፤ ለአህጉሩ የበጁትን ያህል ቤታቸው ተከታይ አላፈራም።

የተሸነፈችው ግብፅም ወዲያው አልቀናትም። የሚቀጥለውን ዋንጫ ለማንሣት 24 ዓመት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ጠብቃለች። ግን በመካከሉ ክለቦቿን አልበተነችም። አዲስ አበባ ላይ ከተሸነፈው ቡድን አንዱ የነበረው ሳሌህ ሰሊም የአል አህሊ ክለብ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተጫዋችነቱን ወደ አስተዳደር አሻገረው። ሜዳውም፣ የታዳጊው ቡድንም በቦታው ቆየ። ዛሬ ሰባት ዋንጫ አላት።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ኢትዮጵያ ግብፅን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ 2 ለ0 አሸነፈች። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ደስታው ትልቅ ነበር። ጨዋታው የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ በሕጉ ባለ ሜዳዋ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ኮንፌዴሬሽኑ የሚቀበለው አንድ ስታዲየም እንኳ አገር ውስጥ አልነበራትምና። የባሕር ዳሩም ታግዶ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የሚያሸንፍ ቡድንም የሚያሸንፍበት ሜዳም ነበረን፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚጨፍርበት ሣር የሰው አገር ሆነ። የድሉ ማግስት ያልተሠራበት አገር ዕጣው ይኸው ነው።

ነገሩ ከብሔራዊ ቡድን በታች ሲወርድ ይብሳል። በክልሎች መካከል የሚደረጉ የሊግ ጨዋታዎች የፖለቲካ ቁርሾ መወጫ የሆኑባቸውን ዓመታት እናስታውሳለን። በ2010 ዓ.ም. ዳኛ ሜዳ ውስጥ ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጉ ለጊዜው እስከመቋረጥ ደርሷል። ደጋፊዎች በአንድ አውቶብስ መንገድ ላይ ሲያልፉ ድንጋይ የተቀበላቸው ከተሞች አሉ። የክለቦቻችን መተዳደሪያ ስለ ቅጣት ብዙ ገጽ አለው፤ ከፉጨቱ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ምን እንደሚበሉ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ የተሳሳተውን ልጅ ማን ቀድሞ እንደሚያስተናግደው የሚል አንድ መስመር የለውም።

ለደምበጫው የገና ጨዋታ ሕግ ቢጻፍ ከግማሹ በላይ ስለ ማግስቱ ይሆን ነበር። የመሀል ሜዳውን ወሰን ማንም በገመድ አልለካም። የስድቡ ወሰን ግን ተለክቷል። ማን ይደግሳል የሚለው ታውቋል። ተሸናፊ እንዴት እንደሚመልስ፣ ሽማግሌ መቼ ከዘራ እንደሚመታ ሁሉም ያውቃል። ደግሞ ላዮችና ታቾች ነገ በአንድ ወንዝ ከብት ያጠጣሉ፤ በአንድ አውድማ ይወቃሉ፤ ልጅ ይሰጣጣሉ። ቂም ይዘው የሚያድሩበት አቅም የላቸውም፤ ሥርዓቱ የተሠራው ከዚህ ችግር ነው። ሰዎቹ ከእኛ የተሻሉ ስለሆኑ ነው ማለት ራስን ማታለል ነው። አንድ ሌሊት ከዘራው ባይመታ፣ ያ በድህነት የጀመረ ግጥም እስከ መጨረሻው ቢሄድ፣ ዱላው ከእሩር ወደ ራስ ቅል ለመዞር ብዙ አይርቀውም ነበር። ዱላውማ በእጃቸው ነው ያለው።

ገና ዛሬም በባህል ስፖርት ውድድሮች ላይ ይታያል። ወሰኑ በኖራ ይሠመራል፣ የተጫዋች ቁጥር ይቆጠራል፣ ሜዳሊያ ይሰጣል። መልካም ነው፤ ጨዋታው እንዳይጠፋ ያግዛል። ግን ከሜዳሊያው በኋላ ቡድኖቹ በየመኪናቸው ገብተው ወደየመጡበት ይሄዳሉ። እሩሯ ተጠብቃ ግጥሙና ማዕዱ ከተረሳ የተረፈን የጨዋታው ግማሽ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ደውሎልኝ ነበር። አሠልጣኙ እንደፈራው ተባሯል፤ ሁለት ተጫዋቾች ተዛውረዋል። እሱ ደግሞ በጨዋታው ዕለት ሲያሾፍበት ከነበረ፣ ካሸነፋቸው ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ የሥራ ባልደረባው ጋር ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም ነበር። «ቤቴ ጠርቼ ዶሮ ወጥ አበላሁት» አለኝ። «እኔ ተሸናፊ ነኝ፤ ደንቡ ተገልብጧል። ግን ማን ይጀምረው?»

ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ፣ ለክለቦቹና ለደጋፊ ማኅበራቱ የምለው ይህን ነው። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ ባለ ሜዳው ክለብ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም እንግዳውን ቡድንና የደጋፊዎቹን ወኪሎች ሳያበላ አይሸኝ። ወጪው የአንድ በግና የጥቂት እንስራ ጠላ ነው። ከአንድ የተሰበረ አውቶብስ መስታወት ይረክሳል፤ ከአንድ የተሰበረ ራስ ጋር ደግሞ ሂሳቡ አይተሳሰብም።